ሃርድቶፕ ከፍ ማስደረግ፦ በ92 ሺህ ወይስ በ336 ሺህ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «መኪናዬን ከፍ ላስደርጋት ነበር፣ የቱ ይሻለኛል?» አንዱማ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው የደወለው። ለአራቱም ያንኑ ስደግም ምላሴ ዛለ። ልጻፈውና ልገላገል።

የኔዋ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፣ 78 የምትባለው ረጅሟ። ፊቷ የተቀመጠው በሞላ፣ ማለትም በጥምዝ ስፕሪንግ፣ ኋላዋ በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች። ለመስክ ሥራና ለቱሪስት አከራያታለሁ። ጂንካ፣ ቱርሚ፣ ባሌ፣ አፋር ትወጣለች። መኪናው ከአስፋልት የማይወርድ ሰው ወደ መጨረሻው አካባቢ ለእሱ የሚሆን ነገር ጽፌያለሁ። ሌላውን ይዝለለው፣ ገንዘቡንም ያትርፍ።

ከሁሉ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውረዱ። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ። ከዚያ ብዙ ያልተጎዳች ያንኑ ሞዴል ፈልጋችሁ እሷንም ለኩ። የኔን ስለካ ኋላዋ 4 ሴንቲ ወርዳ አገኘኋት። ስንት ዓመት ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ ምን ይሁን? «መኪናዬ ዝቅ አለችብኝ» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ መኪና የደከመች እንጂ ዝቅ ያለች አይደለችም። አዲስ ሞላና ባሌስትራ ቢገባላት በራሷ ትነሳለች።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞላና ባሌስትራ መቀየር የሃርድቶፕን ዲፈረንሻል፣ አክስሉ ላይ ያለውን ድብልብል፣ ከመሬት አያነሳውም። አክስሏ አንድ ወጥ ነው፣ ኑሮው ከጎማው ጋር ነው። ከፍ የሚለው ከሱ በላይ ያለው አካሏ ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሹ። ጎማው በቁመት 5 ሴንቲ ቢጨምር ዲፈረንሻሉ የሚነሳው 2 ሴንቲ ተኩል ነው። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቱርሚ መንገድ ላይ ድንጋይ ዲፈረንሻሉን ሲመታበት ጋራዡን የተሳደበ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ወደ ገበያው እንሂድ። የምታገኙት ባጭሩ ሦስት ነገር ነው። ቶርኖ ቤት የሚቆረጥ ጭማሪ፣ «ኦርጅናል ነው» የሚባል ኪት (ለማንሻ ባንድ ላይ የሚሸጥ የዕቃ ስብስብ)፣ እና ኦርጅናሉ ራሱ።

ጭማሪው ሞላው ላይ የሚደረብ ክብ ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ነው። ጓደኛዬ ለሃይሉክሱ ፊት ያሠራው ጥንዱን በ7,000 ብር ነው። «5 ሴንቲ ከፍ እንዲልልኝ» አለ፣ ቶርኖው 5 ሴንቲ ውፍረት ቆረጠለት። ሁለቱም አልተሳሳቱም ብለው ያምናሉ። ሃይሉክስ ግን የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ሞላው ክንዱን የሚገፋው ከጎማው ርቆ መሀል አካባቢ ስለሆነ፣ ከላይ 2 ሴንቲ ተኩል ብትደርብበት ጎማው ጋ ወደ 5 ሴንቲ ይሆናል። 5 ስትደርብማ አስቡት። መኪናው አፍንጫውን ሰቅሎ ከጋራዥ ወጣ። ሲያዩት ያምራል፣ አልዋሽም። በሦስት ወሩ የጎማው መጋጠሚያ ቴስቲናው አለቀ፣ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው አክስል ላስቲኩ ተቀደደና ግራሶው ጎማው ላይ ተረጨ። የጥገናው ሂሳብ 41,000 ብር ነበር። 7,000 የተባለው ነገር 48,000 ገባ ማለት ነው፣ ጭማሪውንም አውልቆ ጣለው። አሁን በር መደገፊያ አድርጎታል።

የኔ ጥፋት ግን ሁለተኛው ነው።

በጥር 2015 ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ካርቶን ከፈተ። ውስጡ ታዋቂ የአውስትራሊያ ስም የተለጠፈባቸው አራት አሞርዛተሮች (የሞላና የባሌስትራውን ንጠራ የሚገቱት)፣ ሁለት ሞላ፣ ለባሌስትራው የሚጨመር ቅጠል። «ወንድሜ፣ ይሄ ዱባይ ራሱ በዚህ ዋጋ የለም» አለኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ዱባይ በዚህ ዋጋ ከሌለ እዚህ እንዴት ኖረ? 120 ሺህ ብሎ ጀምሮ 92,000 ላይ ቆመ። እኔም ተከራክሬ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማስገጠሚያ 6,000።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ መሪው መዋለል ጀመረ። አስፋልት ላይ 80 ስነዳ መኪናዋ መንገዱን ታስሳለች፣ ሁለት እጄን ከመሪው ላይ ማንሳት አልችልም። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ፊቷ ሲነሳ አክስሉ በጥቂቱ ይዞራል፣ መሪው ወደ ቀጥታ የሚመለስበት ማዕዘን ይቀንሳል። ይህን የሚያስተካክል ለየት ያለ ቦኮላ፣ የመጋጠሚያ ላስቲክ፣ አለ፣ ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ። በኔ ካርቶን ውስጥ አልነበረም። የገጠመው መካኒክም አልጠየቀም። ሁለት የፊት ጎማዬ በውስጥ በኩል ተላጨ። ጎማው አንዱ 19,000፣ ሁለቱ 38,000።

ከዚያ ኮንሶን አልፈን ወደ ጂንካ። አንዱ የመንገዱ ክፍል እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ አሞርዛተርን በሙቀት ነው የሚገድለው፣ ውስጡ ያለው ዘይት አረፋ ይሆናል። ከኋላ «ዱብ ዱብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ አራቱንም በእጄ ነካሁ። ሦስቱ ያቃጥላሉ። የግራ ኋላው ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ማለት አይሠራም ማለት ነው። የሚሠራ አሞርዛተር ከእንዲህ ያለ መንገድ በኋላ መሞቅ አለበት። ጎንበስ ብዬ ሳየው ዘይቱን የሚይዘው ኦይል ሲል ተበልቶ፣ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ለጥፎበታል። የቀኙም በማግስቱ ተከተለው። ያገኘሁትን ስም የለሽ አሞርዛተር ጥንዱን በ18,000 ገጠምኩ። ሦስት ቀን ሥራ ቆመ፣ በቀን 6,500 ሂሳብ 19,500 ብር።

ደምሩልኝ። 92,000፣ 6,000፣ 38,000፣ 18,000፣ 19,500። 173,500 ብር። ኪቱ የቆየው 14 ወር፣ የሄደው 19,000 ኪሎ ሜትር። በኪሎ ሜትር 9 ብር ከ13 ሳንቲም። ነዳጅ አልጨመርኩም።

ፎርጅዱን እንዴት ትለዩታላችሁ? ስቲከር አትዩ፣ ስቲከር ማተም ቀላል ነው። አሞርዛተሩን ከካርቶን አውጡት፣ ማሰሪያውን ፍቱ፣ አቁማችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ግፉት፣ ከዚያ ልቀቁት። ናይትሮጅን ያለበት አሞርዛተር በዝግታ፣ ሳይቋረጥ፣ በራሱ ተነስቶ ይቆማል። «ጋዝ ነው» የተባላችሁት ነገር እዚያው ቁጭ ካለ ጋዝ የለውም። የኔው ቁጭ ያለ ነበር። የሞከርኩት ግን ካወለቅኩት በኋላ ነው። ባለሱቁ «አይፈታም፣ ማሰሪያው ከተፈታ አልመልስም» ካላችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ኦርጅናሉ ነው። እኔ የማዳላው ለሱ ነው፣ መደበቅም አልፈልግም። ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማን፣ ዶቢንሰንስ፣ ሦስቱም የአውስትራሊያ ናቸው። የትኛው ይሻላል የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም፣ እኔን የሚያሳስበኝ እውነተኛ መሆኑ ነው። ቁመቱ 5 ሴንቲ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም። ከ5 በላይ ስትሉ የፍሬን ቱቦው፣ ካርዳኑ፣ ሁሉም ተራ በተራ ገንዘብ ይጠይቃችኋል።

ስታዝዙ የሚጠየቅ ዋና ነገር ክብደት ነው። ሞላና ባሌስትራው ሁልጊዜ በምትጭኑት ልክ ይለያያል። የኔ መኪና ስምንት ሰው፣ ጣሪያ ላይ ሻንጣ፣ ጀሪካን ትይዛለች፣ ስለዚህ የመካከለኛውን ወሰድኩ። ባዶዋን የሚነዳት ሰው የከባዱን ከገዛላት የገዛው ጋሪ ነው። አንድ ወዳጄ ለፕራዶው እንደዚያ አድርጎ ሚስቱ አብራው መሄድ ትታለች።

ዋጋው? የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ነው የምትኖረው። በዕረፍት ቀኗ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሄዳ በኢሞ እያሳየችኝ ገዛችልኝ። «ዘንጉን ግፊው በይ» ስላት ባለሱቁ ሳቀ። እሷ ግን ገፋችው፣ ተነሳ። «ይሄን ሁሉ ድርሃም ለብረት?» አለችኝ። 5,600 ድርሃም። በ38 ብር ሂሳብ 212,800። ማጓጓዣ 46,000፣ ባሌስትራ ከባድ ነው፣ በሻንጣ አይመጣም። ቀረጥ 61,000። ማስገጠሚያ 14,000፣ ዊል አላይመንት 2,500። ጠቅላላ 336,300 ብር። መሪ የሚያስተካክለው ቦኮላና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው አዲስ ዩ ቦልት ከኪቱ ጋር ነው የመጣው። አሮጌ ዩ ቦልት መልሶ ማሰር አይቻልም፣ አንዴ ሲጠብቅ ተስቧል።

ያንኑ ኪት መጀመሪያ ያስጠየቅኩት በሚያዝያ 2016 ነበር። በድርሃም ያኔም ያው ነው። «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይቀንሳል» አልኩ። ሐምሌ 22 ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስለዚያ ባናወራ ይሻላል።

የገጠምኩት በሚያዝያ 2017 ነው። እስካሁን 41,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ በኪሎ ሜትር 8 ብር ከ20 ሳንቲም ደርሷል፣ ገና እየወረደ ነው። ከ92 ሺሁ ኪት ርካሽ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ ሁሉ አስልቼዋለሁ። ጉድለት የለውም አልልም። ባዶዋን ስትሆን ከተማ ውስጥ ኋላዋ ይነጥራል። ሴት አያቴ ለመውጣት በርጩማ ይፈልጋሉ።

ስትገጥሙ መካኒኩን ስለ ፍሬን ጠይቁት። ኋላ አክስሉ ላይ በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፣ መኪናዋ ስትጫንና ኋላዋ ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማ ፍሬን ይጨምራል። ኋላዋን ከፍ ካደረጋችሁና ዘንጉን ካላስተካከላችሁ ቫልቩ መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለዋል፣ ፍሬኑን ይቀንሳል። ጭነት ይዛችሁ የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ይህን ማወቅ አትፈልጉም። መካኒኩ «የቱ ቫልቭ?» ካላችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

አሁን ወደ አስፋልቱ ሰው። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርተህ፣ በወር አንዴ ሐዋሳ የምትወርድ ከሆነ ከፍታ ምን ያደርግልሃል? ታናሽ ወንድሜ በኔ ምክር አራት የጃፓን ካያባ አሞርዛተር በ52,000 ገዛ፣ ዘንጉን ገፍቶ ሞክሮ። ባሌስትራውን ደግሞ ኮልፌ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድነው። ጋሼ ቅጠሎቹን በተን አድርገው እያንኳኩ አዳመጧቸው። አንዱን ሁለት ጊዜ አንኳኩና «ልጄ፣ ይሄኛው ተሰንጥቋል፣ ድምፁን ስማ» አሉ። እውነትም እንደ ተሰነጠቀ ገል ይላል። ቀየሩት፣ የቀሩትን ጎበጥ አደረጓቸው። 13,000 ብር። መኪናው 3 ሴንቲ ተነሳ፣ በ65,000 ተጠናቀቀ። ጎበጥ የተደረገ ባሌስትራ እንደ አዲስ አይቆይም፣ ቆይቶ መልሶ ይተኛል። ለሱ ግን ይበቃዋል።

ገንዘቡ ላልሞላለት የምለው አለ። በሁለት ዙር መግዛት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ አሞርዛተሩን። ብዙ ሰው ሞላውን ያስቀድማል፣ ለዓይን የሚታየው እሱ ስለሆነ። መኪናዋ ተነስታ አሮጌው አጭር አሞርዛተር ሲቀር ግን ጫፉ ድረስ ተስቦ ነው የሚውለው፣ በየጉድጓዱ ይነቀላል። እስከ 5 ሴንቲ ለሚነሳ መኪና የተሠራ አሞርዛተር በቆየው ሞላም ላይ ይሠራል። እኔ የከፈልኩት በእቁብ ነው። 40 ሰው፣ በሳምንት 5,000፣ ዕጣው 200,000። 11ኛው ሳምንት ላይ ወጣልኝ። የቀረውን ከሥራ አሟላሁ። ዕቃውን ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው ሙሉ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ። ቀብድ ስጡ፣ ዕቃውን አይታችሁ፣ ዘንጉን ገፍታችሁ ቀሪውን ክፈሉ።

ከገጠማችሁ በኋላ 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ዩ ቦልቱ መልሶ ይጠበቅ፣ መላላቱ አይቀርም። እኔ ኮልፌ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ከሥሯ ገብተው የዩ ቦልቶቹን ስምንት ዳዶዎች ሩብ ዙር ሩብ ዙር አዞሩ። ስንት ልክፈል ስላቸው ማኪያቶ አሉኝ። 45 ብር።