ዝግ ሲል ለሚንዘፈዘፍ አሮጌ ናፍታ መኪና፦ ቴስተር ይግዙ ወይስ ስካነር?

በጎንደር አራዳ ገበያ ግርግር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ ዳሽቦርዱ እስኪንኳኳ የሚንዘፈዘፍ፣ አስፋልት ላይ 60 ሲገባ ግን ጸጥ የሚል መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ተቀይሮም መንዘፍዘፉ ይቀጥላል። ጥፋቱ ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ባለው ሽቦና ሶኬት ላይ ከሆነ አዲስ ሴንሰር ምን ያደርጋል? ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት መለኪያ ላይ ነው። ምርጫው አራት ነው፦ ርካሹ ቴስተር፣ ሻል ያለው ቴስተር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያስነብበው ኢኤልኤም327 እና የጋራዥ ስካነር።

መጀመሪያ ግን ሞተሩን ይዩ

መኪናዎ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ ወይም 3ኤል ወይም 5ኤል ሃይሉክስ ከሆነ ከአራቱ አንዱንም ለዚህ ጉዳይ ብለው አይግዙ። ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፤ ናፍታ የሚመጥን ኮምፒውተር የላቸውም። እዚያ ላይ ኖዝል፣ አየር የሚስብ የናፍታ መስመር፣ የሞተር ጎማና ፍሪሲዮን ይፈተሻሉ። ስማቸው «ኢ» የተጨመረበት 5ኤል-ኢ እና 1ኬዜድ-ቲኢ ግን ፖምፓቸው በኤሌክትሮኒክስ ይታዘዛል። 1ኬዲ እና 2ኬዲ ደግሞ ኮመን ሬይል (ናፍታው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ ለኢንጀክተሮች የሚከፋፈልበት) ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ለእነዚህ ነው።

ፍሪሲዮንን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ቆሞ በዜሮ ማርሽ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከተንዘፈዘፈ ፍሪሲዮኑን ይተዉት። ፔዳሉን ሲለቁ፣ ዲስኩ ሲነክስ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሽቦ ፍለጋውን ይተዉት።

ርካሹ ቴስተር

ዲቲ830 የሚባለው ዓይነት የባትሪ ቮልት፣ ለሴንሰሮች የሚላከውን 5 ቮልት እና የውሃ ሙቀት ሴንሰርን ኦም ለመለካት ይበቃል። የቶዮታ የውሃ ሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ 2.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ 0.3 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል። ሴንሰሩን በፈላ ውሃ የሚፈትኑ ከሆነ ጎንደር 2,100 ሜትር ላይ ስላለች ውሃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ያስታውሱ። ቁጥሩ ከ0.3 በታች ቢወርድ ትክክል ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ትንሹ የኤሲ (የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) መስመሩ 200 ቮልት ስለሆነ የሞተሩን ዙር ከሚያነበው ክራንክ ሴንሰር የሚወጣውን ደካማ ሲግናል አያይም። ሁለተኛው የቴስተሩ ብቻ ሳይሆን በኦም የመለካት ራሱ ችግር ነው፦ ከሽቦው ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀርም ቴስተሩ ዜሮ ኦም ያሳያል፤ ሽቦው ግን በሥራ ላይ አይችልም።

ሻል ያለው ቴስተር

በኤሲ ሚሊቮልት የሚለካ፣ ትልቁንና ትንሹን ንባብ የሚይዝ (ሚን-ማክስ)፣ የውስጥ መቋቋሚያው 10 ሜጋ ኦም የሆነ ይምረጡ። ልዩነቱን የሚያዩት ምድርን (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) ሲለኩ ነው። ሞተሩን ያስነሱ፤ ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን በቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ በሴንሰሩ የምድር ሽቦ በኩል ያስገቡ። ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። አሁን የፊት መብራትና ማራገቢያውን ይክፈቱ። ቁጥሩ ወደ 0.3 ከወጣ ሴንሰር አይግዙ፤ የምድሩን ብሎን ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ። 0.3 ቮልት ለፊት መብራት ኢምንት ነው፤ በ5 ቮልት ለሚናገር ሴንሰር ግን የተሳሳተ መልእክት ነው።

ቀጥሎ ሚን-ማክሱን አብርተው የሲግናሉን ሽቦ ከሶኬቱ ጀምሮ በየስንዝሩ ያወዛውዙ። ንባቡ የሚዘልበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሻገርበት መታጠፊያ ወይም ቀድሞ የተቀጠለበት ቦታ ነው። የሽቦውን ልባስ በመርፌ አይብሱ፤ ክረምት ሲገባ ውሃ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ክራንክ ሴንሰር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ባለሁለት ሽቦው ዓይነት የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጥቅል ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ ሲግናሉም ይደክማል። መንዘፍዘፉ በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ የቶዮታ ክራንክ ሴንሰሮች በብርድ ከ1,630 እስከ 2,740 ኦም ያሳያሉ። ኦሙ ልክ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ሽቦውን የነካ ሰው እንዳለ ይመልከቱ። ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ከተቀጠሉ ሲግናሉ ይገለበጣል፤ ኮምፒውተሩም ሴንሰሩ የሚያነበውን የክራንክ ጥርስ ቦታ ይስታል። መከለያ ያለው ሽቦ ተቆርጦ በተራ ሽቦ ከተተካ የዲናሞው ረብሻ ይገባበታል። መከለያው ምድር የሚያገኘው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው።

ኢኤልኤም327

ከመግዛትዎ በፊት ከመሪው ሥር ያለውን ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት በባትሪ መብራት ይዩ። 7ኛው ወይም 6ኛውና 14ኛው ቀዳዳ ውስጥ ብረት ከሌለ ይህ ዕቃ ከመኪናዎ ጋር አይነጋገርም። ቢኖርም እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ርካሽ ኮፒዎቹ አንዳንድ ፕሮቶኮሎችን ይዘላሉና መኪናዎ ላይ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ለ1ኬዜድ-ቲኢ ጭራሽ አያስፈልግም፦ በሞተር ክፍሉ የምርመራ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1ን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ የቼክ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል። 12 የሞተር ዙር ሲግናል፣ 22 የውሃ ሙቀት ነው። የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ በግምት አያገናኙ።

ኮድ ሲያገኙም በጥንቃቄ ያንብቡት። ፒ0335 ትርጉሙ «የክራንክ ሴንሰር ሰርኪዩት» እንጂ «ሴንሰሩ ሞቷል» አይደለም። ፒ0100 (የአየር መለኪያ)፣ ፒ0115 (የውሃ ሙቀት) እና ፒ0190 (የሬይል ግፊት) ላይም ያው ነው።

ሠርቶልዎት ከሆነ አንድ የጎንደር ፈተና አለ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊትን ይዩ፤ 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ መሆን አለበት። 100 ካለ መኪናው የባሕር ዳርቻ ላይ ያለ መስሎታል፤ የሴንሰሩን 5 ቮልትና ምድር ይለኩ።

የጋራዥ ስካነር

ለአንድ መኪና መግዛቱ አያዋጣም፤ አስመርምሮ መክፈል ይሻላል። ሲያስመረምሩ ግን «ኮድ አጥፋልኝ» ብለው አይውጡ። በ1ኬዲ ላይ በሚኒሞ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማካካሻ (ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማመጣጠን የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ናፍታ) ያስነብቡ፤ ከፕላስ ወይም ማይነስ 3 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ካለፈ ጉዳዩ ኢንጀክተር ነው፤ ሽቦ ማሳደዱን ያቁሙ። ቁጥሮቹ ልክ ሆነው የሬይል ግፊቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭ (ኤስሲቪ) ይጠረጠራል።

የአየር መለኪያውን ነቅሎ መሞከርም የተለመደ ነው። መንዘፍዘፉ ሲቆም ግን ሴንሰሩ ላይ አይፍረዱ፤ ብዙ ሞተሮች ያኔ ኢጂአሩንም (የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) ስለሚዘጉ ጥፋተኛው የማይዘጋ የኢጂአር ቫልቭ ሊሆን ይችላል። የኮመን ሬይል ቱቦ ሞተሩ እየሠራ በፍጹም አይፍቱ፤ ናፍታው ቆዳ ይበሳል።

ምርጫችን

በኤሌክትሮኒክስ ለሚሠራ ሞተር ሻል ያለውን ቴስተር ይግዙ፤ በስካነር ጋራዥ ውስጥ ያስመርምሩ። ኢኤልኤም327 ሦስተኛ ነው፤ ርካሹ ቴስተር ደግሞ ሌላ አቅም ከሌለ። ከቴስተሩ ጋር በሙቀት የሚኮማተር ቱቦና የ0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይያዙ። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለሴንሰር ሽቦ አይሆንም፤ ሙጫው በሞተር ሙቀት ቀልጦ መጋጠሚያው ይከፈታል። ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት ደግሞ የሶኬቱን የቀለም ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።