«ባዶ ሳጥን ነው» ሲሏችሁ አትመኑ፤ የጀልባችሁን የአየር ሳጥን አታስቆርጡ

ጣና ላይም ሆነ ሌላ ሐይቅ ላይ በትንሽ ጀልባ አሳ የምታሰግሩ፣ ወይም ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔና ወንድሜ 18 ሺህ ብር ከፍለን የገዛ ጀልባችንን የሚያሰምጥ ሥራ አሠርተናል።

ጀልባችን የላሜራ ናት። 6 ሜትር ትሆናለች። ከፊትና ከኋላ ዙሪያቸው የተበየደ፣ በር የሌላቸው ሁለት ሳጥኖች አሏት። ከገዛናት ጀምሮ እነዚህ ሳጥኖች ያናድዱን ነበር። መረቡ፣ ቤንዚኑ፣ አሳው ሁሉ እግራችን ሥር ተዝረክርኮ ያ ሁሉ ቦታ ዝግ! አንድ ብየዳ ቤት ወስደን አሳየን። ባለሙያው የፊተኛውን ሳጥን በእጁ መታ መታ አደረገና «ባዶ ነው እኮ። ቆርጠን ክዳን እንሥራለት፤ በረዶ ትሞሉበታላችሁ፣ አሳችሁ ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል» አለን።

ደስ አለን። ፀሐይ የመታው ቆሮሶ አሳ ገበያ ላይ ስንት እንደሚባል የሚያውቅ ይረዳኛል። ቀብድ ከፈልን፤ በ3 ቀን ጨረሰልን። ክዳኑ ማጠፊያ አለው፣ ዳሩ ጎማ ነው፣ ውስጡ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ሲያዩት ያምራል። የበረዶው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከሳጥኑ ሥር ወደ ጀልባዋ ወለል አንዲት ቀዳዳ በሳ። ይቺን ቀዳዳ አስታውሱልኝ።

ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ዝም ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሌላ ነው። አንድ ቀን መረብ ሰብስበን ስንመለስ ሁለት ሦስት ሞገድ ገባብን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጣሳ እየቀዳን መድፋት ጀመርን። የሚቀዳው ውሃ ቶሎ ሲያልቅልን ቀንቶናል አልን። ለካ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ሳጥኑ እየገባ ነው። ክዳኑ ዝግ ስለሆነ ማን ያያል? የጀልባዋ አፍንጫ ወረደ። ቀጣዩ ሞገድ በፊት በኩል ሙሉውን ገባ። ከዚያ ደቂቃም አልፈጀም፤ ጀልባዋ ከሥራችን ሄደች።

ዳር ደርሰን ስለነበር ውሃው ደረታችን ላይ ቆመ። ወንድሜ ዋና አይችልም። ላይፍ ጃኬቱን አጥፎ ተቀምጦበት ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይዤ ወደ እናቴ እንደምሄድ እስካሁን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ።

ያ ሳጥን ለምን እንደሚታሸግ የገባኝ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት ቁጭ አድርገው ሲያስረዱኝ ነው። የእኛው ሳጥን 80 በ60 በ50 ሳንቲሜትር ነው። 240 ሊትር አየር ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ 240 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 480። ጀልባዋ 350 ኪሎ ገደማ ናት። ብረት ውሃ ውስጥ ክብደቱ የሚቀንሰው በስምንተኛ እጅ ብቻ ስለሆነ ከሞተሯ ጋር 340 ኪሎ ያህል ወደ ታች ትጎትታለች። ሁለቱም ሳጥኖች ደህና ቢሆኑ ጀልባዋ ጢም ብላ ብትሞላ እንኳ አትሰምጥም፤ ሁለት ሰው ይዟት ይቆያል። አንዱ ከተከፈተ ግን 240 ኪሎ 340ን አይሸከምም። የእንጨት ጀልባ ቢሞላም እንጨቱ ይንሳፈፋል። የደንገል ታንኳም ደንገሉ ራሱ ውስጡ አየር ነው። ላሜራና ፋይበርግላስ ግን ከዚያ ሳጥን በቀር ምንም የላቸውም።

ብየዳ ቤቱ «እናንተ ናችሁ ያዘዛችሁኝ» አለን። ደረሰኝ አልተቀበልንም፤ ጥፋታችን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እናንተ ሳትቀበሉ ከበር አትውጡ። ምን እንደተሠራም በዝርዝር ይጻፍበት።

ያገለገለ ጀልባ የምትገዙ ደግሞ «የአሳ ፍሪጅ አለው» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርባችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። መጀመሪያ የአየር ሳጥን የነበረ ከሆነ ዋጋው መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም፤ መልሶ ማሳሸጊያው ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ያልተከፈተ ሳጥንም ቢሆን ጀልባዋን ወዝውዙና ጆሯችሁን አስጠጉ። ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከሰማችሁ ብየዳው ያፈስሳል። ቤንዚን ማስቀመጫ ተደርጎ ከነበረ ጭራሽ አትጠጉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ዝግ ቦታ ሥር ይተኛል፤ አንድ የብየዳ ብልጭታ ይበቃዋል።

እኛ አሁን ክዳኑን አስነቅለን ቀዳዳውንም ቆረጣውንም በላሜራ አስደፈንን። ትንሽ አየር አስነፍተንበት ብየዳው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባን። አንድ ቦታ አረፋ ሠራ፣ እንደገና ተበየደ። ለአሳው ክዳን ያለው የፕላስቲክ በረዶ ሳጥን ገዝተን መሃል ወለሉ ላይ አሰርነው። ቦታ ይይዛል፣ ያጣብባል፣ ግን ይሠራል። ለማሳሸግ ብር የሌላችሁ እስክታገኙ ድረስ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ክዳናቸውን አጥብቃችሁ የተቆረጠው ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቁ፣ እንዳይወጡም እሰሯቸው። እያንዳንዱ 20 ኪሎ ገደማ ያነሳል።

ብየዳ ቤት ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ሰርዙ። ቀብዱን አልመልስም ካለም ይቅርባችሁ።