«ሰርዢውና በዛው ዋጋ ላድርስሽ» የሚል ሹፌር ሲገጥማችሁ እንዳትሰሙት

የሆነው ትናንት ማታ ነው። እስካሁን አልበረደልኝም።

እማዬ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና መጣች። ዛሬ ጠዋት ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ነበራት። የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ላምበረት ስትደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ዝናቡም አላባራም። በአፕ ታክሲ ጠራሁ። እስከ ጦር ኃይሎች 620 ብር አለኝ። ሹፌሩ ወዲያው ደወለ፤ የት እንደምሄድና በምን እንደምከፍል ጠየቀኝ፣ ያው የምታውቁት ነው። መጥቶ ሻንጣውን ራሱ ጫነ። እማዬን «ማዘር፣ ቀስ ይበሉ» ብሎ በር ከፈተላት። እኔማ ልቤ ቅቤ ሆነ። ከዚያ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ሰርዢውና በዛው ዋጋ ላድርስሽ፣ በኮሚሽን ጨረሱን» አለኝ። አዘንኩለት። ኑሮው ለማን ቀለለና። በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

መገናኛን፣ ሃያ ሁለትን፣ ሜክሲኮን አልፈን እስክንደርስ ድረስ እማዬ ስትመርቀው ነበር። እንደወረድን 700 ብር ሰጠሁት፣ መልሱን ያዘው ብዬ።

«ምንድን ነው ይሄ? 1,800 ነው።»

«በምን ሂሳብ?»

«ማታ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ዕቃ አለሽ።»

ወደ ኋላ ሄጄ የዕቃ መጫኛውን በር ሳብኩት። ተቆልፏል። እሱ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ ያየኛል። ቢቸግረኝ «ወንድሜ፣ የእናቴ ሪፈርና ራጅ እኮ እዚያ ውስጥ ነው፣ ነገ ቀጠሮ አላት» አልኩት። ይህን መናገሬ ነው አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ። ምን እንደያዘብኝ ራሴ ነገርኩት! ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እንግዲያው ክፈይና ውሰጂ፣ ማዘርን ዝናብ ላይ አታቁሚያቸው» አለኝ። ስትመርቀው የመጣችውን እናቴን ነው እንደዚያ የሚላት።

ያን 700 ጨምሮ የያዝኩት 1,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪውን በቴሌብር ልላክልህ ስለው «በካሽ» አለ። ስሙ እንዳይወጣበት ብሎ መሆኑ የገባኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እማዬ ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከጉያዋ መሐረቧን አወጣች። በብርድ በደነዘዘ ጣቷ ቋጠሮውን መፍታት አቃታት፣ በጥርሷ ፈታችው። ለመድኃኒት የያዘችው ብር ነው። 800 ብር ቆጥራ ሰጠችው። እሱም መልሶ ቆጠረው። ሻንጣውን አውርዶ ውኃ ያቆረው ቦታ ላይ አስቀመጠውና ሄደ።

ሌሊቱን ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ «ጉዞው በደንበኛ የተሰረዘ ነው የሚለው፣ መሳፈርዎን የሚያሳይ ነገር የለንም» አለችኝ። ለእሷ ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ታርጋውን እኔም አላየሁትም። ለሿሿ፣ ታክሲ ውስጥ አዋክበው ለሚሰርቁት፣ ስንጠነቀቅ ኖረን ራሴ ጠርቼ ያስመጣሁት ሰው ዘረፈኝ።

ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው እንዳልል ደግሞ ዛሬ ጠዋት አንድ አባት አጋጠሙን። አሮጌ ሰማያዊ ላዳ ነው ያላቸው። በኮንትራት 300 ብር ተባባልን። መንገድ ተዘግቶ ዙሪያውን ዞረን ደረስን፣ አምስት ሳንቲም አልጨመሩም። ሆስፒታሉ በር ላይ ወርደው የእማዬን ክንድ ይዘው መንገዱን አሻገሯት። እማዬ ግን ሻንጣዋን ኋላ አላስጭንም ብላ ጭኗ ላይ አቅፋው ነው የሄደችው። ምን ያህል ብንለምናት እሺ አላለችም።

እባካችሁ፣ ሰርዙት ካላችሁ ውረዱና ሌላ ታክሲ ጥሩ። ከመሳፈራችሁ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንሱት። ስትደርሱም መጀመሪያ ዕቃችሁን አውርዱ፣ ሂሳቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።