ባለ 5,500 ዋት ኢንስታንት ሻወር ቦይለርን ይተካል ወይ?

ኢንስታንት ሻወር፣ ማለትም ውሃን ሳያጠራቅም ሲያልፍበት የሚያሞቅ ዕቃ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ሳጥን ነው። ሌላው ውሃው እዚያው የሻወሩ ራስ ውስጥ የሚሞቅበት የብራዚሉ ዓይነት ነው፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የተመሠረተው ሎረንዜቲ የሚታወቀው በዚህኛው ነው። ይህ ግምገማ የሁለተኛውን፣ ባለ 220 ቮልትና 5,500 ዋቱን ይመለከታል። ባለ 50 ሊትሩን ቦይለር አውርዶ ይህንን መስቀል ውሃና መብራት ይቆጥባል?

ይቆጥባል፤ ግን ሻጮች እንደሚሉት በትንሽ መብራት ብዙ ስለሚያሞቅ አይደለም። ሬዚስታንስ፣ ማለትም ግሎ ውሃውን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ያው ሬዚስታንስ ነው፤ ቦይለር ውስጥም ሆነ እዚህ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያሞቀው ውሃ እኩል ነው። ቁጠባው የሚመጣው ዕቃው ብዙ ውሃ ለማሞቅ አቅም ስለሌለው ነው። የአዲስ አበባን የቧንቧ ውሃ 18 ዲግሪ ብንል፣ በደቂቃ 3 ሊትር ሲያልፍበት ወደ 44 ዲግሪ ያደርሰዋል። 5 ሊትር ከለቀቁበት 34 ላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለብ ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ተጠቃሚው ሳይወድ በግዱ ውሃውን ይቀንሳል። በ3.5 ሊትር የ7 ደቂቃ ሻወር 25 ሊትር ያህል ውሃና 0.64 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በደቂቃ 9 ሊትር የሚያፈስ ተራ ሻወር ከቦይለር ጋር ለዚያው 7 ደቂቃ 63 ሊትርና 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ የሚውል ቦይለር ማንም ሳይታጠብ በአካሉ በኩል የሚያባክነው ሙቀት በቀን ወደ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ቦይለር ያለው ሰው የሻወሩን ራስ ብቻ ውሃ በሚቆጥብ ቢቀይር፣ የልዩነቱን ትልቁን ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያገኘዋል። ይህን ሻጭ አይነግርዎትም።

አብዛኛው ቅሬታ የሚነሳው ከዕቃው ሳይሆን ከገጠማው ነው። 5,500 ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን ችሎ የሚመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያስፈልገዋል፣ ርቀቱ ረጅም ከሆነ 6። በብዛት የሚቃጠለው ቦታ መገናኛው ነው። ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአምፖል ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን መገናኛው ይግላል፣ ናስትሮው ይቀልጣል፣ የሽቦው ልባስ ቡናማ ይሆንና ይሸታል። የሸክላ ሞርሰቶ (ሽቦዎች በብሎን የሚገናኙበት ማያያዣ) ያሠሩ፤ ብሎኑም በደንብ ይጥበቅ።

ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለትም የሾለከ መብራትን ወደ መሬት የሚወስደው ግራውንድ፣ ለድርድር አይቀርብም። በዚህ ዓይነት ሻወር ሬዚስታንሱ ውሃው ውስጥ የተቀመጠው ያለ ምንም ሽፋን ነው። ሠራተኛው ግራውንዱን ቆርጦ ከተወው ወይም ከኒውትራል ጋር ካሰረው ሥራውን አይረከቡት። ቤቱ ግራውንድ ከሌለው ደግሞ ይህን ዕቃ አይግዙ።

ቀጥሎ የውሃ ግፊት ነው። ውስጡ ያለው ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) የመብራቱን ኮንታክት የሚያገናኘው ውሃው ሲገፋው ስለሆነ፣ ሮቶው ከሻወሩ ራስ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ዝቅ ካለ ውሃው ይወርዳል እንጂ አይሞቅም። በፓምፕ ለሚሠራ መስመር ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ውሃው በዝቶ ቶሎ ስለሚያልፍ ለብ ብሎ ይቀራል። ከዕቃው ጋር አብራ የምትመጣው ትንሿ የፕላስቲክ ግፊት መቀነሻ ለዚህ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ትጣላለች።

ሬዚስታንስ የሚበጠሰው በአብዛኛው ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቀን ነው። መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ሲያልፍ ሬዚስታንሱ ለቅጽበት ያለ ውሃ ይግላል። ማዞሪያውን ቀዝቃዛ ላይ አድርገው መንፋቱ እስኪያቆም ውሃውን ያፍስሱት፤ አዲስ ሲገጠምም ብሬከሩ ሳይነሳ እንዲሁ ይደረጋል። ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲያዞሩ መጀመሪያ ውሃውን ይዝጉ። ዝገትና አሸዋ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ደግሞ ውሃው ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱም ይጎዳል፤ ስለዚህ ፊቱን በየወሩ ፈትቶ በኮምጣጤ ማጠብ ነው።

ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ ሙቀቱም ይወርዳል። 220 የነበረው 190 ከሆነ ኃይሉ ከ5,500 ወደ 4,100 ዋት ገደማ ይቀንሳል፤ ያኔ ለሞቀ ሻወር ውሃውን ይበልጥ ማጥበብ ግድ ነው። ባለ አንድ ፌዝ ቤት ውስጥ ይህና የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ መሥራት የለባቸውም፤ ሁለቱ ሲደመሩ 40 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ ብሬከሩ ይወድቃል።

አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚኖርበት፣ ግራውንድና ጥሩ ሽቦ ላለው ቤት ከቦይለር ይልቅ ይህን እንመርጣለን። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ቦይለሩን አያውርዱ፤ የተሞላው 50 ሊትር መብራት ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ይሞቃል፣ ይህ ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ያፈሳል። ቦይለሩን ካቆዩት ከመታጠቢያው ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ማብራት፣ ሲጨርሱ ማጥፋት ይበቃል።

ሲገዙ መለዋወጫ ሬዚስታንስ አብረው ይያዙ፤ ሞዴሉ፣ ቮልቱና ዋቱ ሦስቱም መግጠም አለባቸው።