ስምንት ወር ከሲቪላይዜሽን 6 ጋር፦ ምኒልክን ይዞ ለሚጀምር

እህቴ ባለፈው መስከረም ከአሜሪካ ስትመጣ ሲቪላይዜሽን 6 የተባለውን፣ የአንድ አገር መሪ ሆነው ከተማ እየቆረቆሩ የሚያሳድጉበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ገዝታ ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝ። ዋናውን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን «ጋዘሪንግ ስቶርም» የሚባለውን ማስፋፊያና የኢትዮጵያን ጥቅል ጨምራ ነው። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ዘጠኝ ጨዋታ ጀምሬ ስድስቱን እስከ መጨረሻ አድርሻለሁ፤ ካሸነፍኳቸው አራቱ ሦስቱን ምኒልክን ይዤ ነው። የ14 ዓመቱ የወንድሜ ልጅና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ከኔ አይተው ጀምረዋል። የሚጠይቁኝ እኔም መጀመሪያ ላይ መልስ ያጣሁለትን ስለሆነ፣ ግምገማዬን ከነሱ ጥያቄ ጋር አያይዤ እጽፈዋለሁ።

ጨዋታው እንደ ገበጣና እንደ ቼዝ ተራ ጠብቀው የሚጫወቱት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ጀምሮ አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ይዛችሁ ትነሳላችሁ፤ በመደበኛው ፍጥነት 500 ተራ አለ። ሰዓት የሚቆጥርባችሁ የለም። ቡና አፍልታችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ስኒውን አጥባችሁ ብትመለሱ የተዋችሁበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የሚያስቀምጠኝ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «የመጀመሪያውን ከተማ የት ልቆርቁር?» ነው። የወንድሜ ልጅ ሰፋሪውን ይዞ «ከዚያ ማዶ የተሻለ ቢኖርስ» እያለ ስምንት ተራ ሲዞር አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ውስጥ ጎረቤቶቹ ሁለተኛውን ከተማ ለመቆርቆር እየተሰናዱ ነበር። በመጀመሪያው፣ ቢበዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ተራ ቆርቁሩ። የምታዩት ውሃና ኮረብታ ነው። ወንዝ ወይም ሐይቅ ያዋሰነው ከተማ በመኖሪያ ቦታ በኩል 5 ነጥብ ከውሃው ብቻ ያገኛል፤ ባሕር ዳርቻ ያለው 3፣ ውሃ የሌለው ደግሞ 2። «ከተማዬ ለምን ማደግ አቆመ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ እህሉ ሞልቷል፤ የጠበበው መኖሪያው ነው። ጎተራ ብትሠሩ 2 ይጨምርላችኋል፣ ውሃ ለራቀው ከተማ ደግሞ ከተራራ ወይም ከወንዝ ውሃ የሚስብ ቦይ መፍትሔ ነው።

ኮረብታውስ? ጨዋታው «ፕሌይንስ ሂልስ» በሚለው ዓይነት ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ማዕከሉ በ1 ምርት (ሕንፃና ሠራዊት የሚሠራበት ጉልበት) ፈንታ 2 ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ላይ ያላችሁ ምርት በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ሁለተኛው ሰፋሪ የሚወጣበትን ቀን ያቀርበዋል። ምኒልክን ከያዛችሁ ደግሞ ኮረብታ የሁሉ ነገር መሠረት ነው። «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» የተባለው የመሪነት ችሎታው ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው የእምነት ነጥብ 15 በመቶውን በሳይንስም በባህልም ይመልስላችኋል። ከተማው 20 እምነት ካመነጨ፣ እምነቱ ሳይነካ 3 ሳይንስና 3 ባህል ታገኛላችሁ ማለት ነው። ወታደሮቻችሁም ኮረብታ ላይ ሲሰለፉ 4 የውጊያ ጉልበት ይጨመርላቸዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ የታሪክ አንባቢ ያውቀዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ጋ ጀማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኮረብታ ሲባል ውሃውን ይረሳል። እውነተኛው ምኒልክ እንኳ እንጦጦ አናት ላይ ከተሙ፤ ብርዱና የማገዶው ችግር ሲበረታ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በጨዋታውም የምትፈልጉት ወንዝ ሥሩ የሚያልፍ ኮረብታ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ለመጀመሪያው ከተማ ውሃውን፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ኮረብታውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ከተማ ይበቃል?» ነው። በመጀመሪያው ጨዋታዬ አንድ ያማረ ዋና ከተማ ይዤ ድንቅ ሕንፃዎችን ለመሥራት ስታገል፣ ሦስቱን ሌሎች ቀድመው ጨረሷቸው። ዙሪያዬን ስመለከት ባዶ የነበረው መሬት በሙሉ ተይዟል። አሁን እስከ 100ኛው ተራ ስድስት ከተማ ካላየሁ ወደ ኋላ እንደቀረሁ አውቃለሁ። ሰፋሪ ሲወጣ ከተማው አንድ ሰው ይቀነስበታል፣ ቀጣዩም ሰፋሪ ይወደዳል፤ ስለዚህ የሰፋሪን ምርት በ50 በመቶ የሚያፋጥነውን «ኮሎናይዜሽን» የፖሊሲ ካርድ ከመሰካታችሁ በፊት ብዙ አታውጡ። በሁለት ከተሞች ማዕከል መካከል ሦስት ታይል (ካርታው የተከፋፈለበት ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ መሬት) ይበቃል። ጀማሪ ከዚህ አርቆ የሚቆረቁረው ነገ ሰፊ እንዲሆንለት ነው፤ ያ ሰፊ መሬት ግን ዘመኑን ሙሉ ሰው ሳያርፍበት ይቀራል።

ነገር ግን ርቃችሁ ሄዳችሁ ጎረቤት አፍንጫ ሥር አትቆርቁሩ። በማስፋፊያው ውስጥ እያንዳንዱ ከተማ የታማኝነት መጠን አለው፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ የሌላ አገር ከሆነ ታማኝነቱ በየተራው ይሸረሸርና ከተማው ከእጃችሁ ይወጣል። በሁለተኛው ጨዋታዬ ብረት ያለበት አንድ ቦታ ጓጉቼ የቆረቆርኩት ከተማ በአሥራ ጥቂት ተራ ውስጥ ከድቶኛል። አንድም ጥይት ሳይተኮስ።

አሁን ሰዉን ሁሉ ተስፋ ወደሚያስቆርጠው ነገር ልምጣ፤ ባርባሪያን፣ ማለትም የየትኛውም አገር ያልሆኑ ወራሪዎች። የሥራ ባልደረባዬ በሦስተኛው ቀን «ፈረሰኛ ከበበኝ፣ ጨዋታው አድልዎ አለው» ብሎ ደወለልኝ። አድልዎ የለውም። መጀመሪያ አንድ ቃኚ ብቻውን ይመጣል። ከተማችሁን ሲያይ ከራሱ በላይ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይበራል። ያኔ ፊቱን አዙሮ ወደ ሰፈሩ ይሮጣል፤ ከደረሰ ወሬውን አደረሰ ማለት ነው፣ ሠራዊቱ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ያቺን ቃኚ ሳትመለስ መያዝ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቃኚዬ ቀጥሎ ሁልጊዜ ወንጭፈኛ አወጣለሁ። ተዋጊዬን የመመለሻዋ መንገድ ላይ አቆምና ወንጭፈኛው ከጎን ይመታታል። የመጨረሻውን ምት ወንጭፈኛው ካሳረፈው ደግሞ የቀስት ጥናት 40 በመቶው በአንዴ ይሞላላችኋል። ጨዋታው እንዲህ ያለውን «ዩሬካ» ይለዋል፤ ሁሉም ጥናት ማለት ይቻላል የራሱ አለው። የጥናቱን ስዕል ስትጫኑ ከሥሩ የተጻፈችውን መስመር የማንበብ ልማድ ማሳደግ ለጀማሪ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ የካምፓስ፣ የገበያ፣ የቤተ እምነት ሰፈሮች (ከከተማው ማዕከል ውጪ በየራሳቸው ታይል የሚሠሩ የከተማው ክፍሎች) ዋጋ በእውቀት ስትራመዱ አብሮ ይንራል። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ካርታው ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ዋጋው እዚያው ይቆማል። የከተማው ሕዝብ 1፣ 4፣ 7 ሲሆን አዲስ ሰፈር ይፈቀድላችኋል፤ በዚያችው ተራ ቦታውን ያዙ፣ ሥራው ይቆይ። ካምፓስን ከተራራ አጠገብ፤ ለእያንዳንዱ ተራራ 1 ሳይንስ ነው።

የኢትዮጵያው ጥቅል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ነው የወጣው። ልዩ ፈረሰኛው የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው፤ ሌላውን የሚያደክመው ኮረብታ እሱን አያዘገየውም። እኔን የያዘኝ ግን ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኮረብታ ላይ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ይሠራል፤ ከራሱ 1 እምነት፣ ከሚያዋስነው እያንዳንዱ ተራራና ኮረብታ ደግሞ ሌላ 1። ባለፈው ወር በስድስቱም ጎኑ ሁለት ተራራና አራት ኮረብታ ያለው ታይል አገኘሁ። ሠራተኛውን ከሩቅ ከተማ አምጥቼ አስፈለፈልኩት፤ 7 እምነት ከአንድ ታይል! ሁለት እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን አይሠራምና ታይል እያለፋችሁ አስቀድማችሁ እቅድ አውጡ። የተፈጥሮ አደጋ ሊጎዳው ይችላል እንጂ አያጠፋውም፤ ትጠግኑታላችሁ። ላሊበላን ያየ ሰው ይህንን ሕግ የጻፈው ሰው ስለ ምን ሲያስብ እንደነበር ይገባዋል።

እምነቱ ሲጠራቀም ምን ይደረግበታል? ሃይማኖት ማስፋፋት ግዴታ አይደለም። ወርቃማ ዘመን (አገራችሁ በቀደመው ዘመን በሠራችው ሥራ የምታገኘው ልዩ የብልጽግና ዘመን) ውስጥ ስትገቡ ከሚሰጣችሁ ምርጫ «ሞኑሜንታሊቲ»ን ምረጡ፤ ሰፋሪና ሠራተኛ በእምነት መግዛት ትችላላችሁ። የኔ ጥሩ ጥሩ ጨዋታዎች በሙሉ የተቃኑት በዚህ ነው።

ምኒልክን ራሳችሁ ከያዛችሁ ድምፃቸውን አትሰሙም። እኔ የሰማሁት በአምስተኛው ጨዋታ፣ ሌላ መሪ ይዤ ጎረቤት ሆነው ሲገኙ ነው። ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው ሰላምታ ሲሰጡ በአማርኛ ነው። እናቴ ወጥ ቤት ነበረች፤ «ማን መጥቶ ነው?» አለችኝ። ማንም አለመምጣቱን ስነግራት እጇን እየጠረገች መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣ «እስቲ ድገመው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስጫወት አጠገቤ ተቀምጣ «ንጉሡ ዛሬ ምን አሉ?» ትለኛለች። የገንዘቡን ዋጋ ለኔ ያወጣው ይህ ቀን ነው።

ቅር ያሰኘኝም አለ። ጽሑፉ በአማርኛ የለም፤ እንግሊዝኛው ለወንድሜ ልጅ ከብዶት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠገቡ ተቀምጬ ነው የተረጎምኩለት። ኮምፒውተሩ የሚያዛቸው መሪዎች ጦርነት አያውቁም፤ ቀስተኛቸውን ከፊት አሰልፈው ያስፈጃሉ። ችግሩን ስታከብዱት ብልህ አይሆኑም፣ ብቻ ጭማሪ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በከባዱ «ዲቲ» ደረጃ እናንተ በአንድ ሰፋሪ ስትጀምሩ እነሱ በሦስት ይጀምራሉ። ከስምንቱ ደረጃዎች አራተኛው «ፕሪንስ» ነው እኩል የሚያጫውተው፤ ጀማሪ በሦስተኛው ይጀምር። ከ250ኛው ተራ በኋላ ደግሞ ጨዋታው ይጎተታል። ማን እንደሚያሸንፍ እያወቃችሁ በየተራው ሠላሳ ትንንሽ ትእዛዝ መስጠት አለ። እኔ አሁን ትንሽ ካርታና 330 ተራ ያለውን ፈጣኑን አካሄድ ነው የምመርጠው።

ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ያለው የቆየ ነው፤ ትንሹን ካርታ ያለችግር ይጫወታል፣ ትልቁ ላይ ወደ መጨረሻው የሌሎች ተራ አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቀኛል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ በየአንዳንዱ ተራ ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። እኔ ይህንን ያደረግኩት ባትሪዬ የሞተበት ምሽት የአንድ ሰዓት ተኩል ጨዋታ ከጠፋብኝ በኋላ ነው።

ገዝቶ ሊጀምር ለሚያስብ፦ ዋናውን ጨዋታ ቅናሽ ሲኖር ግዙ፤ ቅናሹ ተደጋጋሚ ነው። አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻ ካደረሳችሁ በኋላ ጋዘሪንግ ስቶርምን ጨምሩ፤ የታማኝነቱም የወርቃማ ዘመኑም ሥርዓት እሱ ውስጥ ስላለ ከሱ በፊት የወጣውን ማስፋፊያ መግዛት የግድ አይደለም። የኢትዮጵያው ጥቅል ለብቻው ይሸጣል። አክሱምን የያዘው 7ኛው ሲቪላይዜሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል፣ እኔ ግን ገና አልተሻገርኩም። ከወንድሜ ልጅ ጋር የጀመርነው ጨዋታ 140ኛው ተራ ላይ ነው፤ ሰሜን በኩል ወንዝ ያለው አንድ ኮረብታ ቀርቶናል፣ ሰፋሪው እየሄደ ነው።