መስመሩን አጥፋው፦ «ዘ ዋሪየርስ» ጌምን በድሬዳዋ ለስምንት ወር ከተጫወትኩ በኋላ

ከስምንት ወር በፊት እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቼ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ከሁለት ጆይስቲክ ጋር በ6,000 ብር ስገዛ፣ ሻጩ አንድ ሲዲ በምርቃት እንድመርጥ ፈቀደልኝ። «ዘ ዋሪየርስ»ን ሳነሳ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ይኼ የድሮ ፊልም ጌም ነው። ከፊልም የተሠራ ጌም ሁሉ አንድ ቀን አይተኸው የምትጥለው ነው። ኳሱን ውሰድ፤ ሰው ሁሉ የሚጫወተው ኳስ ነው» አለኝ። ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ።

ፊልሙን ያየሁት በልጅነቴ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው። ዋልተር ሂል ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃ ፊልም ነው። ከኒው ዮርክ የወሮበላ ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ ብሮንክስ ውስጥ ለስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው ሳይረስ በጥይት ይወድቃል። ተኳሹ ሉተር ግን ጣቱን ከቡድኖቹ አንዱ ወደሆኑት ዋሪየርሶች ይቀስራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከተማው እያሳደዳቸው በባቡርና በእግር ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ኮኒ አይላንድ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ የሚደረግ የአንድ ሌሊት ሽሽት ነው። እንግሊዝኛው ባይገባንም ባቡሩ ገብቶን ነበር። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የሐዲዱ ሌላ ጫፍ ባሕር መሆኑን ለዚህ ከተማ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ፊልሙ የተቀዳበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን ልብ ወለድ የጻፈው ሶል ዩሪክም ታሪኩን የወሰደው፣ በፋርስ ምድር መሪዎቻቸውን አጥተው እየተዋጉ ወደ ባሕር ከወጡት የጥንት ግሪክ ወታደሮች መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዓመታት ሲቆጨኝ ኖሯል። የቡድኑ መሪ ክሊዮን ገና ከመነሻው በሐሰት ተከስሶ በሰው መዓት ሥር ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ አናየውም። ማን እንደነበረ ሳናውቅ ተወሰደብን።

ጌሙ የሚጀምረው ከዚያ ሌሊት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ጌም ሠሪው ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያወጣው ፊልሙን ገልብጦ አላቆመም፤ አብዛኛው ጨዋታ ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ያልፋል። ክሊዮን ሲያዝዝ፣ ሲገሥጽ፣ አዲስ ገቢዎችን ሲፈትን፣ ስለ ሰፈሩ ሲቆጣ ታያላችሁ። ድምፁም በፊልሙ ክሊዮንን የተጫወተው የራሱ የዶርሲ ራይት ነው፤ ማይክል ቤክና ጄምስ ሬማርም ከ26 ዓመት በኋላ በፊልሙ ለተጫወቷቸው የቡድኑ አባላት፣ ለስዋንና ለኤጃክስ፣ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። እናም ያ የስብሰባ ሌሊት ሲደርስ፣ የሚወድቀው ሰው ከእርሱ ጋር ወራት የከረምኩት ሰው ነበር። ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ።

ይህ ብቻውን ገንዘቤን ያወጣ ነበር። ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የደወሌ መንገድ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ቤት የሚያድረው በወር ጥቂት ሌሊት ነው፤ ሲመጣም እንቅልፍና ስልክ ነበር፣ ከእኔ ጋር ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ አልነበረንም። አንድ ምሽት ብቻዬን ስጫወት ሳይጠይቀኝ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰክቶ ስታርት ተጫነ። ጨዋታው ሳይቋረጥ፣ እንደገና ሳይጀመር፣ ከቡድኑ አንዱ ሆኖ አጠገቤ ቆመ። ከእኔ ሲርቅ የቴሌቪዥኑ ገጽ ለሁለት ተከፈለ፤ እርሱ በራሱ በኩል፣ እኔ በራሴ። ተመልሶ ሲጠጋኝ በመካከላችን የነበረው መስመር ጠፋና አንድ ምስል ሆንን። «ይኼ ነገር ምን አደረገ?» ብሎ እየሳቀ ሆን ብሎ ራቀ፤ ሆን ብሎ ተመለሰ። አሥር ጊዜ ያህል እንዲሁ አደረገው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የቤታችን ቋንቋ ተለወጠ። ሲከቡት «ወንድም ጋሼ፣ መስመሩን አጥፋው!» ይለኛል፤ ድረስልኝ ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ፖሊስ ይዞ በካቴና አሰረው። እኔ ሁለት መንገድ ርቄ፣ ጉልበቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ብሸሽ እተርፋለሁ። ተመለስኩ፣ ቁልፍ ነበረኝ፣ ፈታሁት። ፊቱን አዙሮ አየኝ እንጂ ምንም አላለም። እማዬ እንኳ ቃሉን ወስዳዋለች። ከመንገድ ሲደውል «መቼ ነው መስመሩን የምታጠፋው?» ትለዋለች።

ስለዚህ፣ አንተ ሻጭ፣ «ኳስም ለሁለት ይሆናል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይሆናል። በኳስ ግን ወንድሜ ባላጋራዬ ነው፤ አንዳችን ተሸንፈን፣ አንዳችን አኩርፈን እንተኛለን። እዚህ ከጀርባዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ምስሉ አርጅቷል» ብትለኝም እውነት ነው፤ ፊቶቹ በመጥረቢያ የተጠረቡ ይመስላሉ። እኔ የምፈልገው ግን መስመሩ መጥፋቱን እንጂ የፊታቸውን ጥራት አይደለም። በነገራችን ላይ ያን ጊዜ የሰጠኸኝ ሲዲ ግልባጭ ነበር፤ በሁለተኛው ወር አንድ ቦታ ላይ እየደረሰ መድረቅ ጀመረና ሌላ ፈልጌ ገዛሁ። ስለ እርሱ ግን አልመጣሁብህም።

ጭካኔውን አልሸፋፍንም። በጡብ፣ በጠርሙስ፣ በቢላዋ ሰው ይደበደባል፤ መንገደኛ ይዘረፋል፤ የመኪና ሬዲዮ ይነቀላል፤ ጉልበት የሚመልሰውም ፍላሽ የሚሉት አደንዛዥ ዕፅ ነው። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሚል ምልክት አለበት፤ ልክ ነው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እርሱ ሳይተኛ ማሽኑ አይከፈትም። ምንም ያላደረገ መንገደኛ አንቆ መዝረፉን እኔ እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ወንድሜም እንደዚያው።

የሙቀቱን ነገር እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። በግንቦት ማሽኑን ከቁምሳጥኑ አውርደን ባዶው ሲሚንቶ ላይ አኖርነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አንነካውም። መብራት ግን አንድ ጊዜ ጎድቶናል፦ ጨዋታው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሲቀመጥ መብራቱ ጠፋና የሁለት ወር ጨዋታ ባዶ ሆነ። ወንድሜ ያን ሌሊት መንገድ ላይ ነበር። በስልክ ስነግረው ይናደዳል ብዬ ነበር። «እንግዲያው ክሊዮን ተመለሰልን» አለኝ።

እውነቱን ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን፣ ሦስቱን ወር እንደገና ከክሊዮን ጋር ኖርን። አሁን የፊልሙ ሌሊት ውስጥ ነን፤ ኮኒ አይላንድ ለመድረስ ሁለት ምዕራፍ ይቀረናል። ወንድሜ የጫነውን አራግፎ የሚመለሰው አርብ ነው። እስከዚያ ማሽኑን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ፤ ብቻዬን አልከፍተውም።