ሀመር ኦፍ ዘ ስኮትስ ወይስ ፓዝስ ኦፍ ግሎሪ? ጎንደር ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ለጦርነት ቦርድ ጨዋታ በተሰባሰብን ቁጥር፣ አዲስ የመጣ ሰው ጠረጴዛዎቹን ዞሮ ካየ በኋላ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «አንድ ብቻ የምገዛ ቢሆን የቱን ልግዛ?» አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በሁለት ላይ ነው። አንዱ ስለ ስኮትላንድ የነፃነት ጦርነት የተሠራው፣ ጠጠሮቹ ከእንጨት የሆኑት ሀመር ኦፍ ዘ ስኮትስ ነው። ሌላው ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው፣ በካርቶን ጠጠርና በካርድ የሚጫወቱት ፓዝስ ኦፍ ግሎሪ ነው። የእኔ መልስ የእንጨቱ ነው። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ሁለቱንም የሚያሳትሙት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ለስሌት ያህል 70 ዶላር እንበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ሣጥኑ አራት ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ያው ሣጥን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ያውም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። በፖስታ ላስመጣ ያለ ሰው ማጓጓዣው ብቻ የጨዋታውን ዋጋ ሊያህል እንደሚችል አውቆ ይግባበት። እኛ የምናደርገው ሌላ ነው። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ኅዳር ላይ ይነግረዋል። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ዘመድም የሌላ ሰው አደራ ይዟል። ስለዚህ ሣጥኑ እዚያው ይቅር፦ ጠጠሩ በላስቲክ ከረጢት፣ ካርታው በልብስ መሃል ተደርጎ ይምጣ። እንዲህ ሲሆን የምትከፍሉት የጨዋታውን ዋጋ ብቻ ነው።

«ይሄ ሁሉ ከሚሆን ኮፒውን በርካሽ ልግዛ» የሚል አይጠፋም። አንድ ጓደኛችን የሀመር ኦፍ ዘ ስኮትስን ፎርጅድ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ በ2,800 ብር ገዝቶ አመጣልን። ጉዳቱን ለመረዳት ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጠጠር ካርታው ላይ በጠርዙ ይቆማል፤ ስቲከር የተለጠፈበት ፊቱ ወደ ባለቤቱ ነው። ባላጋራ የሚያየው ባዶ እንጨት ስለሆነ የስኮትላንዶቹ መሪ ዋላስ ይሁን ተራ እግረኛ አያውቅም። ጠጠሩ ሲመታ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ከላይ የሚመጣው ጠርዝ የቀረውን ኃይል ያሳያል። እንግዲህ የጨዋታው ነፍስ ጠጠሮቹ ከጀርባ ፍጹም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። በፎርጅዱ ዋላስ የተለጠፈበት ጠጠር ከሌሎቹ በአንድ ሚሊሜትር ያህል ይወፍር ነበር፤ ቀለሙም ጠቆር ያለ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ እንግሊዝን የያዘው ልጅ ሠራዊቱን በሙሉ በቀጥታ እዚያው ጠጠር ላይ ሰደደው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስቲከሮቹ መላቀቅ ጀመሩ። 2,800 ብሩ በአንድ ቀን ውስጥ ባከነ፤ ሻጩም መልስ አልሰጠም።

ኦሪጅናሉም ቢሆን ጠጠር ይጠፋበታል። የእንጨቱን ከሌላው የማስበልጠው ዋናው ምክንያት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ጥገናው እዚሁ አለ። ጎንደር ውስጥ የትኛውም እንጨት ሥራ ቤት ናሙናውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይቆርጥላችኋል። የሚጠይቃችሁ ገንዘብ ከአዲስ ሣጥን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በዓይን ግምት አታሠሩ፤ ውፍረቱን በሚሊሜትር ለክታችሁ ስጡ፣ ጠርዙም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ሁለተኛ፣ አዲሱን ጠጠር ብቻ ቀለም መቀባት ፎርጅዱ ላይ ያየነውን ችግር መልሶ ያመጣል፤ የዚያን ወገን ጠጠሮች በሙሉ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ቀቡ። ስቲከሩን አስቀድማችሁ ስካን አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ማንኛውም ማተሚያ ቤት ያወጣላችኋል።

የፓዝስ ኦፍ ግሎሪ ካርድ ሲጠፋ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዱን ካርድ ለእንቅስቃሴ፣ ለጦር ማጓጓዣ፣ ለምትክ ወታደር ወይም ለተጻፈበት ታሪካዊ ክስተት መጠቀም ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ የሚመረጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጭንቀቱ ያለው እዚህ ምርጫ ላይ ነው፤ ድንቅ ነው። ነገር ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተማችሁት ምትክ ካርድ በጀርባው ቀለምና በውፍረቱ ወዲያው ይለያል። መፍትሔው ሁሉንም ካርድ ጀርባው በማያሳይ የላስቲክ ኪስ ውስጥ መክተት ነው፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው። የካርቶን ጠጠሩ ደግሞ በረንዳ ላይ ስንጫወት ነፋስ በመጣ ቁጥር ከተደራረበበት ይንሸራተታል፤ ምዕራብ ግንባር ከፈረሰ ማን የት እንደነበር መስማማት አይቻልም። ቡና ከፈሰሰበት ካርቶኑ ያብጣል።

ሰዓቱም አለ። ፓዝስ ኦፍ ግሎሪን ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ ሙሉውን ለመጨረስ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ስብሰባ ሁለት ሰው ጠዋት ተቀምጦ ማታ ይነሣል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። የእንጨቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ በዚያው ጠረጴዛ ጠዋት ሁለት ሰው፣ ከሰዓት ሌሎች ሁለት ይጫወቱበታል።

ደግሞስ ለጎንደር ልጅ ከሀመር ኦፍ ዘ ስኮትስ የቀረበ የትኛው ነው? በዚህ ጨዋታ አንድ የስኮትላንድ ባላባት ሲሸነፍ፣ ሞሬይ ከተባለው በቀር፣ አይሞትም፤ ለአሸናፊው ያድራል። ክረምት ሲገባ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ርስቱን ጠላት ይዞት ከሆነም ወገኑን ይቀይራል። የራስ ዓሊንና የደጃች ውቤን ዘመን እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ደንብ ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሽማግሌ አጎቴ ከጎኔ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና፣ ደንቡን ሳልነግረው «ይሄን ሰውዬ ክረምት ሳይገባ ርስቱን ያዝበት እንጂ» አለኝ።

ፓዝስ ኦፍ ግሎሪ የሚገባው ሰው አለ፦ ቤቱ ውስጥ ለቀናት የማይነካ ጠረጴዛ ያለው፣ ቋሚ ተጋጣሚ ያለው፣ የ1914ቱን ጦርነት አጥብቆ የሚወድ። እንዲህ ያለ ሰው ይግዛው፤ በጥልቀቱ የሚበልጠው ጥቂት ነው። ይዞት ወደ ስብሰባ ባይመጣ ግን ይሻላል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም በነፃ ሞክሩ። ሀመር ኦፍ ዘ ስኮትስ ራሊ ዘ ትሩፕስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ደንቡን ራሱ ስለሚጠብቅ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ፓዝስ ኦፍ ግሎሪም እዚያው አለ፤ ቫሳል በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ማግኘት ትችላላችሁ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ግን ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት፣ ደንቡንም ራሳችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል። ጥቅምት ላይ ሞክራችሁ ከወሰናችሁ ለጥምቀት ለሚመጣው ዘመድ ለመንገር በቂ ጊዜ አላችሁ።